የሠላሳ ቀን ገንዳ

የጌጥ ዓሣ ሻጯን ሰፈሩ «እሳቷ» ይላታል፤ ዋጋዋ እሳት ነዋ! ከመንገዱ ማዶ ያለው ነጋዴ ያንኑ ዓሣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። እሱ ጠዋት የመጣለትን ከሰዓት በኋላ ያስረክባል። እሷ ግን አዲስ የገባውን ሁሉ በሽታ እንደሌለው እስክታረጋግጥ በጓሮ ክፍል ባለው ገንዳ ሠላሳ ቀን ታቆያለች። ቀለብ ይበላል፣ መብራት ይበላል፣ ከታመመ ይታከማል፣ ከሞተም ኪሳራው የእሷው ነው። ይህን ለደንበኛ ስታስረዳ ምላሷ ደረቀ፤ የሚሰማት ግን አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ሆድ ባሳት። ሳምንቱን ሙሉ ደጇን የረገጠ የለም። የቆዩ ደንበኛዋ፣ ጡረተኛው መምህር ሲገቡ፣ ከጓሮው ገንዳ ገና አምስት ቀን የሆነውን ቢጫ ዓሣ አውጥታ በማዶው ዋጋ ሸጠችላቸው። ስንት ቀን እንደቆየ አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

ሐሙስ ጠዋት የጓሮውን መብራት ስታበራ ክው አለች። ከዚያው ጭነት የቀሩት ዓሦች ገላቸው ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። እያሳከካቸው ጎናቸውን ከድንጋዩ ጋር ይፈትጋሉ። ይህን በሽታ ታውቀዋለች፤ አንዴ ውኃ ውስጥ ከገባ ማንንም አይምርም። መምህሩ ቤት ደግሞ ሟች ባለቤታቸው ያሳደጓት ብርቱካናማ ዓሣ አለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰውዬው ጠዋት ሲነሱ «እንደምን አደርሽ» የሚሉት ለእሷ ነው፤ ሌላ ሰው የላቸውም።

ሱቁን እንኳ ሳትቆልፍ ሮጠች። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት፤ አዲስ ዓሣ ቤታቸው ባለች ትንሽ ገንዳ ለብቻው እንዲያቆዩ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። እሳቸውም የተባሉትን የሚያደርጉ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። «ትንሿ ውስጥ ይሁን፣ አምላኬ፣ ትንሿ ውስጥ ይሁን» እያለች አራት ፎቅ ወጣች።

መምህሩ በሩን ከፈቱ። «ውይ ልጄ! ምነው ፊትሽ ዐመድ መሰለ?»

«ጋሼ፣ ቢጫው ዓሣ… ለብቻው ነው ያስቀመጡት?»

«ለምን ብዬ?» ሳቁ። «ከማዶው ሰውዬ ብገዛ ኖሮ ወር ሙሉ አቆየው ነበር። ያንቺን ምን ብዬ ልጠርጥር? ያኔውኑ ነው የቀላቀልኩት። እሳቷ እያሉ ሲያሙሽ ምን እንደምላቸው ታውቂያለሽ? እኔ እሷ ጋ የምከፍለው ተኝቼ ለማደር ነው እላቸዋለሁ።»

እጇን ይዘው ወደ ሳሎኑ ገንዳ ወሰዷት።

ብርቱካናማዋ ዓሣ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር ትፈትጋለች፤ ዞር ትልና እንደገና ትፈትጋለች።

«አየሽልኝ?» አሉ መምህሩ ደስ ብሏቸው። «ጓደኛ ካመጣሽላት ወዲህ እንዲህ ስትጫወት ነው የምትውለው።»