ያዋጣ ሰው ይሰበሰባል

«ቅጣቱን ልከፍል ነው የመጣሁት» አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ፣ ገና ከበሩ ሳይገቡ።

ቤርሳቤህ የጆሮ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውርዳ ወንበር ሳበችላቸው። ደንግጣለች። የእኚህን ሴት ጉዳይ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸውን የጌጃ ሰፈር ቤት የባለቤታቸው ወንድም በውክልና ሸጦባቸው፣ ልደታ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ጉልበታቸው አልቋል።

«ማን ነው የቀጣዎት እማማ? ቀጠሮ ቀርተው ነበር እንዴ?»

«የምን ቀጠሮ?»

«መዝገቡ ተዘጋ ብለውኝ አልነበር? በጽሑፍ የሰጡዎት ነገር ካለ ያሳዩኝ። የይግባኙ ጊዜ ሳያልፍ...»

«ኧረ ልጄ፣ ፍርድ ቤት ከዚህ ወዲያ ምን አለኝ። የእናንተን ቅጣት ነው የምልሽ።» ተቀምጠው የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈቱ። «ሁለት ወር አላዋጣሁም። ታምሜ ነው። ግን ዕድር እንኳ ሳያስጠነቅቅ አባል አይሰርዝም። እናንተ ምነው እንዲህ ቸኮላችሁ?»

«ማን ሰረዘዎት?»

«ስልኩ ነዋ።»

ቤርሳቤህ አልገባትም። ከልደታ ኮንዶሚኒየም አንዱ ሕንፃ ሥር ባለችው በዚህች ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው በአሮጌ ብርድ ልብስና በስፖንጅ ተሸፍኖ፣ እሷና ቤካ «ደጃፍ» የሚባል ፖድካስት ይሠራሉ። ከችሎት የሚወጡ ሰዎች ምን ደርሶባቸው እዚያ እንደቆሙ በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ። ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት፣ ያለ ምስክር ያበደሩት፣ ለዘመድ የሰጡት አደራ። ጠያቂው ቤካ ነው። ቤርሳቤህ ድምፁን ትቆርጣለች፣ ታጠራለች፣ ታስተካክላለች። ማይክ ፊት ተቀምጣ አታውቅም፤ ቤካ ሊያስገባት በሞከረ ቁጥር አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

እያንዳንዱ የፖድካስቱ ክፍል ሲያልቅ ቤካ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል። የቻለ የቻለውን ይላክ፣ ያልቻለም ይስማ። የኪራዩም የኢንተርኔቱም ወጪ በዚህ ነው የሚሸፈነው። ከሚልኩት መካከል የጌጃ ሰፈር ሴቶች አሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይቱም ከእነሱ አንዷ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ የነጅማ ልብስ ስፌት ቤት ማሽኑ ሲቆም ተሰብስበው፣ አንድ ስልክ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቁመው ይሰማሉ። ነጅማ ከሁሉም ሰብስባ በአንድ ትልካለች። አንድ ጊዜ ደውላ «ሰብሳቢያችሁ ማን ነው? ደረሰኝስ ለምን አትሰጡም?» ብላ ጠይቃ ነበር። ያን ጊዜ ቤርሳቤህና ቤካ በሳቅ ፈርሰዋል።

አሁን ወይዘሮ ፀሐይቱ ስልካቸውን ዘረጉላት። ታሪካቸውን የተናገሩበት ክፍል ላይ የቁልፍ ምልክት ተቀምጧል። ከሥሩ «ለመስማት ደንበኛ ይሁኑ» ይላል፣ የወር ክፍያውም ተጽፏል። ሌሎቹንም ነካካች። ሁሉም ተቆልፈዋል። ክፍት የቀረው አንድ አጭር መልእክት ብቻ ነው። ከፈተችው።

«ውድ የደጃፍ ቤተሰቦች» አለ የቤካ ድምፅ፣ ማስታወቂያ ሲሠራ በተማረው ልስላሴ። «እኔና ቤርሳቤህ በብዙ ከመከርንበት በኋላ፣ ለእናንተ የተሻለ ነገር ለማቅረብ...»

እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ መልሳ ስሟ የተጠራበትን ቦታ ብቻ ሰማች።

ቤርሳቤህ ስትናደድ ድምፅዋ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። እናቷ «ይቺ ልጅ እሳት ስትሆን ነው የምትበርደው» ይሏታል። ለቤካ ደወለች። «ና» አለችውና ዘጋችው።

ቤካ በወረቀት የተጠቀለለ ቦምቦሊኖ ይዞ ገባ። ወይዘሮ ፀሐይቱን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፣ አንዱን አውጥቶም ሰጣቸው። እሳቸው ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አየሽው አይደል?» አላት። «ውጭ አገር ያሉት ብቻ ምን ያህል እንደገቡ ብነግርሽ አታምኚም።»

«መቼ ነው የመከርነው?»

«ምኑን?»

«እኔና ቤርሳቤህ በብዙ ከመከርን ብለሃል። መቼ ነው?»

«ቤርሲ ደግሞ። ስንት ጊዜ አነሳሁልሽ? ባለፈው ሳምንት እንኳ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ምራቄ እስኪደርቅ አወራሁሽ።»

«እኔ ምን አልኩህ?»

«ምንም። ዝም አልሽ። ካልተስማማሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

ያለው እውነት ነበር። እሱ ሲያወራ እሷ ከአንድ ሽማግሌ ንግግር ውስጥ ሳል እየለቀመች ታወጣ ነበር፤ ቀና ብላም አላየችውም። ባደገችበት ቤት እንቢታ የሚነገረው በዝምታ ነው። እንግዳ የማይሆን ነገር ሲጠይቅ እናቷ ዝም ይላሉ፣ እንግዳውም ገብቶት ወሬ ይለውጣል። ቤካ ግን ከዚያ ቤት አላደገም። ይህን ማወቋ ንዴቷን አላበረደውም። ዝምታዋን እንደ ውክልና ቆጥሮ በስሟ ፈርሞ መጣ እኮ።

«ዝም ያልኩት ስላልተስማማሁ ነው።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? እኔ ጠንቋይ ነኝ?» ቦምቦሊኖውን ገምጦ ተወው። «እሺ፣ አሁን ንገሪኝ። እስከ መቼ ነው የምንለምነው? በየሳምንቱ ድምፄን አለስልሼ 'የቻላችሁ' ስል ልደታ ማርያም በር ላይ ነጠላ አንጥፌ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። አንቺ ሰኞ የምትገቢበት ቢሮ አለሽ። እኔ ለዚህ ብዬ ነው ከማስታወቂያ ድርጅቱ የወጣሁት። አከራዬን በምርቃት ልክፈላት? ሰው እኮ ኳስ ለማየት ከፍሎ ገብቶ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ለእኛ ሲሆን ነው ነፃ የሚያምረው?»

ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር ለማግኘት ፈለገች። አላገኘችም። ይህም ይበልጥ አናደዳት።

«ክፍያ አትጠይቅ አላልኩም» አለች። «ከአሁን በኋላ አዲስ ነገር ሠርተህ በዋጋ ማቅረብ ትችላለህ። ስለ እሱ መነጋገር እንችል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ማንም እንዲሰማቸው ነው የተናገሩት። እማማ ፀሐይቱ ቤት ሄደን ምን ብለን ነው የቀረጽናቸው? ማይኩን የያዝከው አንተ ነህ።»

«ማንም መስማት ይችላል። ከፍሎ።»

«ቤካ።»

«ክፍት ከሆነማ ማን ይከፍላል? እውነቱን ንገሪኝ፣ ማን?»

«እሳቸው ይከፍላሉ። ታመው ላላዋጡበት ቅጣት ሊከፍሉ ነው የመጡት።»

ቤካ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም ሳቁ፣ አምልጦት ነው። «ቅጣት? እማማ፣ ይሄ እኮ ዕድር አይደለም።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ እስካሁን አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ሲያዩ ነበር። ቦርሳቸውን መልሰው ዘጉት።

«ታዲያ ምንድነው?» አሉት። «በየወሩ ሰብስበን ስንልክ ምን ብለህ ነበር የምትበላው?»

«ድጋፍ ነው እማማ። እግዜር ይስጥልን። ግን...»

«ሸጣችሁት ማለት ነው?»

«ኧረ አልሸጥንም።»

«የባለቤቴም ወንድም አልሸጥኩም ነው ያለው። ዳኛው ፊት ቆሞ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ 'አስተላለፍኩ እንጂ አልሸጥኩም' አለ። እኔ የማልገባበት፣ ሌላው ከፍሎ የሚገባበት ቤት አንተ ጋ ምን ይባላል?»

ቤካ ፊቱ ቀላ። «ለእርስዎ አሁኑኑ እከፍትልዎታለሁ። በነፃ። ዕድሜ ልክዎን።»

«ለእኔማ ምን ይሠራልኛል? የእኔን ታሪክ እኔ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ የመጡበትን ነገር ተናገሩ። ጎረቤታቸው ኮከቤ እንደ እሳቸው ባሏ ሞቶባታል፣ እንደ እሳቸው አንዲት ቤት ቀርታላታለች። አማቿ ጉዳዩን እኔ ልከታተልልሽ ብሎ ውክልና እንድትሰጠው ይወተውታታል። ወረቀቱ ላይ መሸጥ የሚል ቃል አለበት።

«አትፈርሚ ብላት፣ አንቺ ያልቀናሽ ሰው ሁሉ እንዳይቀናው ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ምቀኛ አለችኝ። እንዲህማ ከሆነ ነይ የነጅማ ቤት፣ ከራሴ አፍ ሳይሆን ከስልኩ ስሚው አልኳት። ሳቀች፣ ግን መጣች። ሐሙስ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን ቢነኩት ቢነኩት እንቢ አለ። ነጅማ አፍራ፣ እኔ አፍሬ። ያላዋጣሁት እኔ ስለሆንኩ በእኔ ምክንያት ማኅበሩን ሁሉ ቀጡት ብዬ ነው። ኮከቤ ተነሥታ ወጣች።»

«እንግዲህ አሁን እንክፈተውና ትስማው» አለ ቤካ። «ሁለት ቀን ቢቆለፍ ምን ተጎዳ?»

«ትናንት ፈርማለች።»



«ውክልና ይሻራል እማማ» አለች ቤርሳቤህ። ድምፅዋ ከመውረዱ የተነሣ ወይዘሮ ፀሐይቱ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ቤቱን ሳይሸጠው ከደረስን፣ የሰጠችው ራሷ ውልና ማስረጃ ሄዳ ልትሽረው ትችላለች። ለእሱም ማሳወቅ ነው።»

«እኔ ብነግራት አትሰማኝም አልኩሽ እኮ።»

ቤርሳቤህ ተነሥታ የቤካ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማይኩን ወደ አፏ ዝቅ አደረገችው። ለስንት ሰው ያስተካከለችው ማይክ ነው፣ ለራሷ ግን የት ላይ እንደሚሆን አታውቅም ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ቤካ።

መቅጃውን ነካችው።

«ቤርሳቤህ እባላለሁ። የደጃፍን ድምፅ የማስተካክለው እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት 'እኔና ቤርሳቤህ ከመከርን በኋላ' የተባለው ውሸት ነው። አልመከርንም። ታሪካቸውን የነገሩን ሰዎች የነገሩን ለማንም እንዲሆን ነው፤ የተቆለፈው ሳይጠየቁ ነው። ያዋጣችሁት እናንተም አልተጠየቃችሁም። ዛሬ ሁሉንም መልሼ እከፍተዋለሁ። ቤካ የሚለው ነገርም ውሸት አይደለም፤ ይሄ ሥራ ነው፣ የሚሠራው ሰው መብላት አለበት። እንዴት ይብላ የሚለውን ግን ሁለታችን ብቻ አንወስንም። ያዋጣ ሰው ይሰበሰባል። ነገ ከሰዓት ጌጃ ሰፈር፣ ነጅማ ልብስ ስፌት ኑ።»

መቅጃውን አቆመችው።

«ይሄን ካወጣሽው አብረን አንሠራም» አለ ቤካ።

«እሺ» አለችው።

ሌላ የምትለው ያለ መስሎት ጠበቀ። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዙራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ማንሣት ስትጀምር ጃኬቱን አነሣ።

«በአንቺ ቤት ጀግና ሆነሻል» አላት በሩ ላይ። «ኪራዩ ሲመጣ ነጅማ መርፌዋን ሸጣ ትከፍልልሽ እንደሆነ አያለሁ።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ቦምቦሊኖውን ከጠረጴዛው አንሥተው ተከትለውት ወጡና እጁ ላይ መለሱለት።

እሑድ ከሰዓት የነጅማ ቤት ሞልቶ ሰው እስከ መንገዱ ቆመ። ከኮንዶሚኒየሙ የመጡ ነበሩ፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉም ነበሩ። ቤካ አልመጣም። ስብሰባው ያማረ አልነበረም። አንዱ ሁሉም ሰው ይክፈል አለ፣ ሌላው ማንም አይክፈል አለ፤ አንድ ሰውዬ ከፋዮቹ ቀድመው ይስሙ፣ ከሳምንት በኋላ ለሁሉም ይከፈት ሲል ሴቶቹ ጮኹበት። ነጅማ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ጸጥ አሰኘቻቸው። ቤርሳቤህ ደጋግማ እንድትናገር ተጠየቀች፣ ደጋግማም ተናገረች። ስለ ክፍያው ምንም ሳይወሰን፣ መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ፀሐይቱ ክፍል በስልኩ ተሰማ። ኮከቤ በሩ ጋ ቆማ እስኪያልቅ ሰምታ፣ ማንንም ሳታነጋግር ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ኮከቤ ራሷ መጥታ የወይዘሮ ፀሐይቱን በር አንኳኳች፤ ቤርሳቤህም ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ ከሁለቱ ጋር ውልና ማስረጃ ሄደች፣ ኮከቤም ውክልናውን ሻረች። ማክሰኞ ቤካ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ሁሉንም ክፍል መልሶ ቆለፈ። ቤርሳቤህ ቅጂዎቹ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ስለነበሩ፣ ማታውኑ አንድ በአንድ ለነጅማ በቴሌግራም ላከችላት።