ዘይት የገባበት ቤንዚን

በ1972 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ የጀልባ ሞተር ይመጣብሃል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አብደሃል እለው ነበር። ከባሕር ሸሽቼ፣ ከዝናብና ከምንጭ ሌላ ውሃ የማይታወቅበት ደጋ ገብቼ፣ የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ እያስነሳሁ ከአክስቴ ከወይዘሮ የሺወርቅ ጋር እኖር ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሑመራ ሰሊጥ እርሻ ስሠራ ኖሬ መጣሁ» እላለሁ። ምፅዋ የባሕር ኃይል ጀልባ መካኒክ እንደ ነበርሁ፣ ከጦርነቱ መሐል እንደ ከዳሁ የሚያውቁት እግዜርና አክስቴ ብቻ ናቸው። የከዳ ሰው ፍርዱ ጥይት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጧት ካድሬው ሀብተ ሚካኤል ሞተሩን በጭነት መኪና ከጎንደር አስመጥቶ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አስወረደው። ከሞተሩ ጋር የፊጥኝ የታሰረ ሰው ወረደ። ባዘዘው ይባላል፤ የጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ ነው።

«ይኸ አሻጥረኛ የዓሣ አስጋሪ ማኅበሩን ሞተር ገደለው» አለ ካድሬው። «ቤንዚን ላይ የሞተር ዘይት ሲደባልቅ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ቤንዚኑን አስደፍቼ ንጹሕ አስሞላሁ። ግን አሻጥሩ ቀድሞ ገብቶ ኖሮ ሞተሩ ሐይቁ መሐል ደርቆ ቀረ።»

ባዘዘው አፉን ሊከፍት ሲል ካድሬው ጎኑን በክርኑ ደቆሰው። «አንተ አትናገርም!»

ያ ዓይነት ሞተር ዘይቱን የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከሰጡት ፒስቶኑ ግሎ ይጣበቃል። ሞተሩን የገደለው ራሱ ካድሬው ነበር። ይህን ምፅዋ የገባ ምልምል በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። የደባርቅ ወፍጮ አስነሺ ግን ከየት ያውቀዋል?

«ሦስት ዓመት የሞተ ወፍጮ አስነሳህ አሉ» አለኝ ካድሬው። «ይኸንንም እስከ ስድስት ሰዓት አስነሳ። ካልተነሳ አሻጥሩ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ መኪናው ሰውዬውን ይዞ ወደ ጎንደር ይመለሳል።»

ያን ጊዜ ታስሮ ወደ ጎንደር የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ አልነበረም።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብሁት «አልችልም» ብዬ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት ነበር። ዳሩ ግን የባዘዘውን እጅ አየሁት። ገመዱ በልቶት አብጧል፤ ጣቶቹ መሐል ገና የዓሣ ቅርፊት አለ።

ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ዘይት አፈሰስሁና እስኪሰርግ ጠበቅሁ። ከዚያ ሞተሩ አናት ላይ ያለውን መዘውር በመዶሻ እጀታ ጥቂት ጥቂት እየነካሁ ለማዞር ሞከርሁ። ፒስቶኑ ግትር በቅሎ ሆነብኝ። ካድሬው ሰዓቱን ያያል። አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ጥጥ ይፈትላሉ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፒስቶኑ ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ቆይቶም ዞረ።

ውሃ ውስጥ የሚገባውን የሞተሩን እግር የወፍጮው ማቀዝቀዣ በርሜል ውስጥ ነክሬ አሰርሁት። ወፍጮም ውሃ ስለሚጠጣ በዚህ የተደነቀ የለም። የቀረው ቤንዚኑ ነው።

የዘይቱን ቆርቆሮ አነሳሁ።

የአክስቴ እንዝርት ቆመ። «ደርበው፣ ልጄ፣ ድካም በረታብህ። አልሆነም በላቸውና ተወው» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ዘይቱን ቤንዚኑ ላይ አፈሰስሁት።

የካድሬው እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጠገንሁ ነው፣ ጓድ።»

«ይኸ ራሱ አሻጥሩ ነው!»

«አሻጥር ከሆነ አይነሳም። ካልተነሳ ሁለታችንንም ይጫኑን።»

የማስነሻውን ገመድ ሳብሁ። ዝም አለ። ደግሜ ሳብሁ፤ አንዴ አስሎ ቀረ። በሦስተኛው ሞተሩ ጮኸ! በርሜሉ ውሃውን ይረጭ ጀመር፤ ሰማያዊ ጭስ ወፍጮ ቤቱን ሞላው። ባዘዘው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነውና ሆዴ ባባ።

ሞተሩን ሳጠፋው ካድሬው የዘይቱን ቆርቆሮ እያየ ነበር።

«ይኸን ከየት ተማርህ?»

«ሑመራ» አልሁ። «የሰሊጡ መድኃኒት መርጫ ሞተር ነበረው። ዘይት ካልተደባለቀለት ያርራል።»

ቆርቆሮውን አንስቶ አሸተተው። በመጨረሻ «ፍታው» ብሎ ሾፌሩን አዘዘ። «ስሕተት ተፈጥሯል» አለ ደግሞ፤ ማን እንደ ፈጠረው አልተናገረም።

ባዘዘው ተፈታ። እኔም ተረፍሁ አልሁ። ካድሬው መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እንዲህ ያለ እጅ ወፍጮ ቤት መቅረት የለበትም» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ምፅዋ ባሕር ኃይላችን መካኒክ ቸግሮታል። ዛሬውኑ ስምህን አስተላልፋለሁ። ነገ ጧት በዚሁ መኪና ትሄዳለህ።»

ምፅዋ! ፊቴን የማያውቅ አንድ የበታች ሹም እንኳ የሌለበት ቦታ።

አክስቴ እልል አሉ። ሦስት ጊዜ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ። እንዝርታቸው ግን ከእጃቸው ወድቆ ነበር።

«ደርበው» አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስህም። በሶውን ልበጥብጥልህ ወይስ ደረቁን ልቋጥረው?»

«ደረቁን ይቋጥሩልኝ» አልሁ፤ ደረቅ በሶ የሌሊት መንገደኛ ስንቅ ነው።

ካድሬው ሳቀ። «ምን አስቸኮላችሁ፣ እማማ?» አለ። «መኪናው'ኮ ነገ ነው።»