የተቃወመ የለም

አባ ቢምረው በእስራኤል አገር በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ጎመንና ቃሪያ ሲተክሉ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። እንደ እሳቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ሌሎች ሽማግሌዎችም የየራሳቸው መደብ ነበራቸው። እሑድ ዕለት የጋዝ ኩባንያው ሰው ራፊ መጥቶ በቦታው ቧንቧ ሊቀበር መታሰቡን ነገራቸውና ሐሳባቸውን ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ አመስግነው «መክረን ረቡዕ እንነግርሃለን» አሉት። በእነሱ ወግ ለከባድ ጉዳይ እዚያው መልስ መስጠት ነውር ነው።

ረቡዕ ጠዋት መልሳቸውን ይዘው ሲመጡ መሬቱ በቆርቆሮ ታጥሯል። ትራክተሩ የአባ ቢምረውን ጎመን ከነሥሩ ገልብጦታል።

ራፊ አንድ ወረቀት ዘረጋ። አስተርጓሚያቸው፣ የአባ ቢምረው የልጅ ልጅ ተናኜ፣ አነበበችላቸው፦ «ነዋሪዎቹ ተጠይቀዋል፤ የተቃወመ የለም።»

«ያን ቀን እንቢ ያለ አልነበረም እኮ» አለ ራፊ፣ በተናኜ በኩል።

«እሺስ ያለ ነበር?» አሉ አባ ቢምረው። «ልጅ ለመጠየቅ እንኳ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። አንተ መሬት ልትወስድ መጥተህ ሦስት ቀን መታገሥ አቃተህ?»

«ለመጠየቅ እንጂ ለመስማት መች መጣ!» አሉ ከባለመደቦቹ አንዷ እማማ ብርሃነሽ ከኋላ።

አባ ቢምረው በቆርቆሮው ክፍተት ሾልከው ገቡና ከትራክተሩ ፊት፣ ከተገለበጠው አፈር ላይ ተቀመጡ።

«ተናኜ፣ ንገሪው፤ የመከርነው እንቢ ነው። እሱንም ወረቀቱ ላይ እስኪጽፈው ድረስ ከዚህ አልነሣም።»