ከእጅ አንጓ በታች

የቆዳ እርጥበት ለኪዋ ልጅ የመሣሪያዋን ጫፍ በአጣቢዋ ክንድ ላይ ተጭና አነሳችው።

«አርባ ሁለት። ጥሩ ነው እናቴ፣ ቆዳዎ እርጥበቱን ይዟል።»

ጉንጯ አርባ ስምንት ሆነ፤ አንገቷ ሃምሳ አንድ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ከኋላ ቆሞ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ እየፈካ ይሄዳል።

ነገሩ የተጀመረው ርካሹ የሳሙና ዱቄት የመጣ ጊዜ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የዘጠኙም አጣቢዎች ጣት መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጣጠቀ፤ ጨው መቆንጠር እንኳ ፈተና ሆነባቸው። አቤት ቢሉ ኃላፊው «ቆዳችሁ ከድሮም ደረቅ ነው» አላቸው። አጣቢዋ ግን አርፋ አልተቀመጠችም፤ እስከ ላይ ድረስ ሄዳ ከሰሰች። ለኪዋ ዛሬ የተጠራችው ለዚህ ነው። ወረቀቱ «ደህና ናቸው» ካለ ነገሩ እዚያው ይዳፈናል።

«እዚህ ጋ ፈርሚና ወደ ሥራሽ» አላት ኃላፊው።

እስክሪብቶውን አልተቀበለችውም።

«እጄስ?»

«ቅጹ የሚጠይቀው ክንድ፣ ጉንጭና አንገት ብቻ ነው» አለች ለኪዋ፣ ቀና ሳትል።

«የኔ ልጅ፣ እኔ በአንገቴ አላጥብም።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውልሽ በሚቀጥለው ወር እንደሚያልቅ አትርሺ» አላት።

አሥራ ሰባት ዓመት የሠራችበት ቦታ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? ግን ደግሞ ባለፈው እሑድ ልጇ አራስነቷን ጨርሳ ሕፃኗን ይዛላት መጥታ ነበር። የሕፃኗን ጉንጭ ልትዳብስ ስትል ሻካራ ጣቷ ቧጨራትና ሕፃኗ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን በክንዷ ብቻ ነው ያቀፈቻት፣ ጣቶቿን እንደ ሌባ ደብቃ።

ንዴቷ ፍርሃቷን ቀደመው።

«ውሉን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችው። ሰውዬው በልጇ ዕድሜ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን «አንቱ» ስትለው ነው የኖረችው። «እጄን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ለኪዋ መጀመሪያ ኃላፊውን አየችው፤ ቀጥሎ የአጣቢዋን እጅ አየች፣ ዓይኗንም ቶሎ አላነሳችም። መሣሪያዋን አሳረፈች።

«ዘጠኝ።» እንደገና ለካች። «ስምንት።»

«መሣሪያው ምን ነካው?» አለ ኃላፊው።

«መሣሪያው ደህና ነው። ከሠላሳ በታች ሲሆን በጣም ደረቅ እንላለን። ይሄንን ምን እንደምለው እንጃ።»

«ቢሆንም አይጻፍም። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

«ጀርባው ባዶ ነው» አለች አጣቢዋ። እስክሪብቶውን አነሳች፤ ቅጹን ገልብጣ «ቀኝ እጅ፣ ስምንት» ብላ በትልልቁ ጻፈችና ፊርማዋን ከሥሩ አኖረች።

«ለዚህ ትጠየቂያለሽ።»

«ልጠየቅ። እኔም የምናገረው ስጠየቅ ነው።»

ወደ ማጠቢያው አልተመለሰችም። ቀጣይዋ ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ኃላፊውን በስርቆት እያየች ክንዷን ስታቀርብ፣ አጣቢዋ አንጓዋን ያዝ አድርጋ የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን ወደ ለኪዋ አዞረቻቸው።

«ከዚህ ጀምሪላት» አለቻት።