ያልተተፋው ቡና

እህቴ ቡና ቀማሽ ናት። «ሰው በሥራው ይከፈለዋል፣ አንቺ በመትፋትሽ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ስኒዎች በማንኪያ እየጨለፈች ፉት ትላለች፤ አፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች፤ ከዚያ አጠገቧ ወዳለው ባልዲ እንትፍ። ምላሷ ለጉድ ነው። የትኛው ከረጢት እርጥበት እንደነካው ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

ስታረግዝ መሥሪያ ቤት ትንፍሽ አላለችም። እዚያ የነፍሰ ጡር ምላስ አይታመንም ተብሎ ከጠረጴዛው ትነሳና መጋዘን ትላካለች፤ ከወለደች በኋላ መመለሷን እንጃ። እሷ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ያላየችው አበሳ የለም። ጉዱ የመጣው በባልዲው በኩል ነው። ልትተፋ ጎንበስ ስትል ሆዷ ይገለበጣል፤ ሰው ሊነቃባት ነው። ስለዚህ መትፋቱን ትታ መዋጥ ጀመረች፣ ጠዋትም ከሰዓትም። እንቅልፍ አጣች፣ ልቧ ድው ድው ይላል። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ «መንገድ ላይ ያለው ባልሽ ናፍቆሽ ነው» እያልኩ አሾፍባታለሁ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ልጁ ተወለደ። ፊቱ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ወደ ኋላ ሾጠጥ ያለ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሲያድግ ይስተካከላል» አለ። አልተስተካከለም፤ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ አናቱን በጣቷ ዳሰሰችና፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ስለገጠሙ አንጎሉ ማደጊያ እንዲያገኝ በቀዶ ጥገና መለያየት አለባቸው አለች። እህቴ ቡናውን ትውጥ እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። እኔ በመሥሪያ ቤቷ ላይ እሳት ለበስኩ። እሷ ግን የተናደደችው በራሷ ብቻ ነበር።

የቀዶ ጥገናው ቀን እኔ፣ እህቴና ባሏ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ሐኪሟ ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ ደህና ነው።»

ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እህቴ አላለቀሰችም። ባልዲውንም፣ መዋጡንም፣ መደበቋንም ባሏ ፊት ዘረገፈችው።

«ዶክተር፣ ቡናው ነው አይደል?»

ሐኪሟ አጠገቧ ተቀመጠች። «የተጠና ነገር አለ። አንዳንዱ ጥናት ትንሽ ግንኙነት አለው ይላል፣ ሌላው ምንም አላገኘሁም ይላል። ነፍሰ ጡር ቡና ትቀንስ እንላለን፣ እሱ ልክ ነው። የአንቺን ልጅ ግን ቡና ነው እንዲህ ያደረገው ልልሽ አልችልም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም።»

«አይደለምስ ማለት ይችላሉ?»

«እሱንም አልችልም።»

«ምናለ አንዱን ቢነግሩኝ!» አለች። «ጥፋቴ ከሆነ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።»

ባሏ ይጮህባታል ብዬ ምላሴን ስዬ ነበር። እሱ ግን እንባውን በእጅጌው ጠረገና «ምነው ለኔ እንኳን ብትነግሪኝ?» ብቻ አላት።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። ልጁ ነቅቶ እያለቀሰ ነው፣ ድምፁ እስከ እኛ ይሰማል።

«እናቱ የትኛዋ ናት?»

እህቴ እኔን አየችኝ፣ ባሏን አየችው። ወዲያው «እኔ ነኝ» ማለት አቃታት።