ደረጃውን የሚወጣው ሰው

ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ ሲኒማ ቤት የሚታየው ሁልጊዜ ያው የወንጀል ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ በርካሽ የተሠራ፣ ዝናቡ እንኳ አትክልት ከሚያጠጡበት ጎማ የተረጨ። ሰዉ ግን ይመጣል።

«መጨረሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ» ይላል ጡረተኛው ልብስ ሰፊ። «የማላውቀው የገዛ ቤቴን መጨረሻ ነው። እዚህ ቢያንስ ማን እንደገደለ ይነግሩኛል።»

ፊልሙን የምታሳየው ሴት ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለችው የማሳያ ክፍል ትሠራለች። ክፍሏ ብርሃኑ ወደ ሸራው ከሚያልፍባት ቀዳዳ በቀር መስኮት የላትም፤ ለመዞር እንኳ ትከሻ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቀድሞ እዚያ የሚሠራው ባሏ ነበር።

ፊልሙ የተቀረፀው በዚሁ ሕንፃ የኋላ ደረጃ ላይ ነው። አቅም ያጠራቸው ሠሪዎቹ የጎደለውን ሁሉ በጨለማ ሸፈኑት። ገዳዩን እንዲጫወት የተቀጠረው ሰው ሳይመጣ ሲቀር፣ መብራት ይይዝ የነበረው ባሏ ባርኔጣ ደፍቶ በቦታው ገባ። ጀርባውን ሰጥቶ ደረጃውን ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ክብሪት ይጭርና ዞር ይላል። በፊልሙ ያለው ዘበኛ በዚያች ብርሃን ፊቱን ይለየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ገዳዩ ማምለጫ የለውም።

ባሏ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። ከሞተ ወዲህ የቀረላት መልኩ ይኸው ነው።

ፊልሙ ግን አርጅቷል። በተበጠሰ ቁጥር የተጎዳውን ቆርጣ ትቀጥለዋለች፤ የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ደረጃው ላይ ነው።

«ሰውዬው ደረጃ መዝለል ጀመረ» አለ ልብስ ሰፊው በቀደም። «በስተርጅና ጉልበት አገኘ መሰለኝ።» አዳራሹ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች።

ዛሬ ሴት ልጇ ባዶ ሳጥን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ፊልሙን እዚህ ውስጥ እናስቀምጠው። ሌላ አሳዪ።»

«ሌላውን ማን ያየዋል?»

«ካላዩ አዳራሹ ይዘጋ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ።»

«ያለ ፕሮጀክተር በምን አየዋለሁ?»

ፊልሙ ሳጥን ከገባ ይተርፋል፣ አይታይም፤ ከታየ ያልቃል። ከፊትም ገደል፣ ከኋላም ገደል።

ፊልሙ ተጀመረ። ባሏ ደረጃውን ወጣ፣ ክብሪቱን ጫረ፣ ዞር አለ። ፊልሙ በዚያች ቅጽበት ተቀረቀረ፤ ፊቱ ሸራው ላይ ቆመ።

እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ያስተማራት እሱ ነበር። «ፊልም ከቆመ መብራቱ ያቃጥለዋል። ሳታስቢ ብርሃኑን የሚጋርደውን መከለያ ጣይው።»

እጇ መከለያው ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ሁሌም እንደ መንገደኛ ብልጭ ብሎ ያልፋት ነበር፤ አሁን ቆሞ አያት። ከቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ ለየቻት። አንዴ ብቻ ልተንፍስ፣ አለች በልቧ።

ጉንጩ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ። ሰፋ፤ ፊቱን በላው። መከለያውን ስትጥለው ክፍሉን የቃጠሎ ሽታ ሞልቶት ነበር።

«እማዬ?» አለች ልጇ ከበሩ።

«ደህና ነኝ።»

ክብሪቱንና ፊቱን የያዘውን የተቃጠለ ቁራጭ ቆረጠች፣ ቀጠለች፣ መብራቱን ለቀቀች። ባርኔጣ የደፋው ሰው ደረጃውን ወጣና ጨለማው ውስጥ ገባ። ክብሪት አልተጫረም።

ሲያልቅ ልብስ ሰፊው መውጫው ላይ ጠበቃት። «ዛሬ ደበቅሽብን። ፊቱን ሳያዩ በምን አውቀው ያዙት?»

«በጀርባው፣ ጋሼ።»

ልብስ ሰፊው ለአፍታ አያት። «ለሚቀጥለው ቅዳሜም አለ አይደል?»

«አለ።»

ስትመለስ ልጇ ሳጥኑን ከፍታ ቆማለች። እናትየዋ በአጠገቧ ትከሻዋን ሰብስባ አለፈችና የፊልሙን ጥቅል ወደ መነሻው ማጠንጠን ጀመረች።