ከባሕር የመጣ ልብስ

ይበን ነበር... ነጩ አቧራ፣ በብረቱ ወለል ላይ፣ በባሕሩ ንፋስ ላይ፣ በሰዎቹ ትከሻ ላይ።

ነጭ ነበር፤ ለስላሳ ነበር፤ ሽታ አልነበረውም።

ባሕር መሐል፣ በብረት እግሮች ላይ በቆመው የነዳጅ መቆፈሪያ፣ ይርዳው የጋሉ ቧንቧዎችን ያለብስ ነበር። ሙቀት የሚያግደውን አሮጌ የአስቤስቶስ ሽፋን በእጁ ይቦጭቃል፤ አቧራው ከእሱ ይነሣል፤ አዲሱን ይጠቀልላል። ሲደክመው የአስቤስቶሱን ጆንያ ተንተርሶ ጋደም ይላል። ትራስ ያደረግኩት ነገር ይገድለኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ማንም አልነገረውም... ነጭ ነበር፤ ለስላሳ ነበር፤ ሽታ አልነበረውም።

እዚያ ጨው የሌለበት ውሃ ከመጠጥ አይተርፍም። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ ለእረፍት ሲወጣ የቆሸሸ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ይርዳውም ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሚስቱ ወደ ስንዱ።

ታራግፈው ነበር፣ ስንዱ... ግቢው መሐል ቆማ፣ ፊቷን ወደ ልብሱ አስጠግታ፣ እየሳቀች። "የባሌን ልብስ፣ እኔ እያለሁ!" እያለች ለማንም አትሰጥም። አቧራው ቅንድቧ ላይ ሲያርፍ፣ "ይኸው አሮጊት አደረግከኝ" ብላ ትቀልድበታለች።

ነጭ ነበር፤ ለስላሳ ነበር...

ዘመን አለፈ። ባሕሩ ራቀ፤ ሳሉ ግን አብሮት ቀረ።

ሐኪሙ ሳንባህ ላይ ካንሰር አለ አለው፤ ያ አቧራ ያመጣው ነው አለው። ቀጥሎም፣ "አቧራው አጣቢንም ያሳምማል፤ ልብስህን ማን ነበር የሚያጥበው?" ብሎ ጠየቀው።

"ራሴ" አለ ይርዳው።

ዋሸ። ስሟን እዚያ ክፍል ውስጥ መጥራት ፈራ፣ ምስኪን፤ ከጠራው በሽታው የሚሰማ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ አብረው ይበላሉ፣ ብቻውን ነው። አጠገቧ ይተኛል፣ ብቻውን ነው። ስታስል ይሰማታል... ጉንፋን ነው ትላለች፤ ጉንፋን ነው ይላል፤ ሆዱ ግን ያውቀዋል።

አንድ ጠዋት ደረቷን ይዛ ግድግዳ ስትደገፍ አያት። ከዚህ በላይ አልቻለም። ሁሉንም ነገራት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ አቧራውን፣ ልብሱን፣ ውሸቱን። "አንቺም መታየት አለብሽ፤ ዛሬውኑ" አላት።

ነጭ ነበር፤ ለስላሳ ነበር፤ እሱ ወደ ባሕሩ ሲመለስ ከእሷ ጋር ቤት ይቀር ነበር።

ስንዱ አልጮኸችም።

"እኔኮ..." አለች፣ "ያን ልብስ ሳራግፍ ነበር መምጣትህን የማምነው።"

ይርዳው ነጠላዋን አቀበላት። ወደ ሐኪሙ ለመሄድ እሷ ቀድማ ወጣች፤ እሱ ከኋላዋ ተከተለ።